የዕለት ትዕግሥት በዳኢር ተራሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አንድ ገዳም መቶ ዓመት ሲሞላው አስቀድሞ የሚታሰበው ሕንጻውና ንዋየ ቅድሳቱ ነው። ነገር ግን መቶ ዓመት ከ36 ሺህ የሚበልጡ ዕለታት ናቸው፤ በእነዚያም ዕለታት ሁሉ ውኃ ተቀድቷል፥ እንጨት ተለቅሟል፥ እህል ተፈጭቷል፥ ደወል ተደውሏል። ወደ ገዳም የገባ ረድእ ወዲያው ቆብ አይደፋለትም፤ ውኃ ይቀዳል፥ አረጋውያንን ያገለግላል፥ የታዘዘውን ይፈጽማል። ትዕግሥት በመጽሐፍ ትነገራለች፤ የምትለመደው ግን በእንዲህ ያለው ሥራ ነው። የዛሬውም ትምህርት ይህንኑ ትዕግሥት ደወል በማይሰማበት አገር ስለሚማሩ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነው።

በሳዑዲ ዓረብያ ደቡብ ምዕራብ፥ በጂዛን ግዛት፥ በየመን ወሰን አጠገብ አድ ዳኢር የምትባል የተራራ ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች በእርከን የተሠሩ ናቸው፤ በእርከኖቹም ላይ ቡና ይበቅላል። ኸውላኒ የሚባለው የዚህ ቡና የአተካከልና የአዘገጃጀት ዕውቀት በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የቡና ጥንተ ዘሩ ግን ኢትዮጵያ ነው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በባዕድ ተራራ ሥር የሰደደ ተክል ነው።

በዚያው ባሕር ላይ ዛሬም የኢትዮጵያ ልጆች ይሻገራሉ። ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከአርሲና ከሐረርጌ ተነሥተው እስከ ጅቡቲ ይዘልቃሉ፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ያልፋሉ፤ ከዚያም በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛን ወሰን ይወጣሉ። አባት በሬውን ሸጦ ለደላላ የከፈለበት፥ በመንገድም ልጁ ታግቶ ዳግመኛ ገንዘብ የተጠየቀበት ቤት ብዙ ነው። ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በዚህ ወሰን ላይ በስደተኞች ላይ ተኩሰው ብዙ መቶ ሰዎች እንደ ገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ተቋም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ገልጧል፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን ነገሩን አስተባብሏል።

ወሰኑን አልፎ ሥራ ያገኘው በግ ይጠብቃል፥ እርሻ ይሠራል፥ ድንጋይ ይሸከማል። ነቢዩ ሙሴም በምድያም ስደተኛ ሆኖ የአማቱን የዮቶርን በጎች እየጠበቀ 40 ዓመት ኖሯል። በዚያ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሥራትም አይፈቀድም። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በጅዳ በአንድ ቤት ለጸሎት ተሰብስበው የተገኙ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተይዘው ታስረዋል፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ምእመን ጸሎቱን በልቡ ያደርሳል። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያጠና እንደ ሆነ፥ ጸሎቱ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና፥ ቀን መቍጠሪያ ይሆንለታል። ዓርብ በዚያ አገር የዕረፍትና የግብዣ ቀን ነው፤ ለእርሱ ግን የጾም ቀን ነው። ሌላው ሥጋ ሲበላ እርሱ ደረቅ ቂጣውን ይዞ ሰዓቱን ይጠብቃል። ይህን ማንም አያይለትም፤ ማንም አያመሰግነውም።

ከዳኢር በስተ ምሥራቅ ናግራን ይገኛል። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ523 ዓመት ቅዱስ ኂሩትና የናግራን ክርስቲያኖች በዙ ኑዋስ እጅ ሰማዕትነት ተቀበሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። ስለ እነርሱም ዐፄ ካሌብ ሠራዊቱን ይዞ ባሕሩን ተሻገረ። የቅዱሳን ሰማዕታትን ተጋድሎ ከሌላው ጋር ማስተካከል አይገባም። ሆኖም ሰማዕት በአንዲት ሰዓት ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፤ እረኛው ግን ያንኑ ታማኝነት ዛሬም ነገም፥ በየጥቂቱ፥ ምስክር በሌለበት ይከፍላል። የሁለቱም ትዕግሥት ምንጭ አንድ ነው፤ እርሱም የማይታየውን አምላክ እንደሚያዩት ሆኖ መጽናት ነው።

ብዙዎች ገዳማውያን ቡና አይቀምሱም፤ ከተክሉ ግን መማር አልተከለከለም። የቡና ዘር ተተክሎ እስኪበቅል ከአንድ ወር በላይ ይቈያል። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ፍሬ የሚሰጠው ከ3 እስከ 4 ዓመት ቈይቶ ነው። አበባው ከታየም በኋላ ፍሬው እስኪቀላ 8 ወይም 9 ወር ያህል ይወስዳል። ገበሬው ችግኙን ወደ ላይ ቢጎትተው ይነቅለዋል እንጂ አያሳድገውም። እንዲሁ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥም አረም ይውጠዋል፥ ጎርፍም እርከኑን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ያርማል፥ ያጠጣል፥ የፈረሰውን ካብ ይክባል፤ ማሳደጉን ግን ለእግዚአብሔር ይተዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምር ዝናብን የሚጠብቀውን ገበሬ ምሳሌ ማድረጉ ስለዚህ ነው። የሰው ድርሻና የእግዚአብሔር ድርሻ ተለይተው የሚታወቁት በእርሻ ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው በሁለት ወገን ይሰናከላል። የመጀመሪያው መሰናክል ራስን ለጥፋት ሰጥቶ ይህንኑ መታመን ብሎ መጥራት ነው። ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ ያቀረበለት የእምነት ቃል ነበር፤ ጌታችንም አልተቀበለውም። በተጨናነቀች ጀልባ ላይ በሌሊት ልጁን የሚያሳፍር ደላላም የእግዚአብሔርን ስም መጥራት አያቅተውም። በደላላ አፍ የተጠራ የእግዚአብሔር ስም ግን ለመንገዱ ዋስ አይሆንም። በዚህም ላይ ካህን መጠንቀቅ አለበት፤ ጠግቦ ያደረ ሰው በተራበው ላይ ለመፍረድ ይቸኩላልና። ወጣቱን ያስነሣው ረኀብ፥ ጦርነት ወይም የመሬት ማጣት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ክፉ መሆኑን መንገር ይገባል፤ መንገደኛውን መናቅ ግን አይገባም።

ሁለተኛው መሰናክል ትዕግሥትን ዝምታ ማድረግ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ዘመን ከሰሜን የመን የተባረሩ ኢትዮጵያውያን ከዳኢር ማቈያ ጀምሮ በጂዛን እስር ቤቶች ተጨናንቀው እንደ ነበሩ ያው ተቋም ዘግቧል። ስለ እስረኛ ትዕግሥት የሚያስተምር ሰው ዮሴፍን ያስብ። ዮሴፍ በግብፅ ወኅኒ ታግሧል፤ ሆኖም የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ በተፈታ ጊዜ፥ በግፍ መታሰሩን ገልጦ ለፈርዖን እንዲነግርለት ለምኖታል። ሰውየውም ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ቈየ። መለመኑ እምነቱን አላጎደለበትም፤ መረሳቱም ተስፋውን አላጠፋበትም። ደመወዙ የተከለከለ ሠራተኛ ደመወዙን ቢጠይቅ፥ የታሰረ ሰው ፍርድ ቢጠይቅ፥ ትዕግሥትን አፈረሰ አይባልም።

እንግዲህ ልጇ ወሰን ላይ ደርሶ ድምፁ የጠፋባት እናት ወደ ደብሩ በመጣች ጊዜ ምን ይባላል? ታገሺ ማለት ቀላል ነው፤ ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ቃል በሩን ለመዝጊያ ሲነገር ሸክም ይሆናል። የነፍስ አባት ታገሺ ካለ አብሮ ይቀመጥ፤ የልጁን ስመ ክርስትና ይቀበልና በጸሎት ያስበው፤ የት እንደ ደረሰ ለማጠየቅ ወደሚሄዱበት ጽሕፈት ቤት አብሯት ይሂድ። ወሬ ባልመጣበት ወር ሁሉ ቤቷን ይጐብኝ። በሕይወት አለ ብሎ አይዋሻት፤ ሞቷል ብሎም ተስፋዋን አይቍረጥ። ያላወቀውን አላውቅም ብሎ ከእርሷ ጋር መጠበቅ ከካህን የሚፈለግ ትዕግሥት ነው።

የሚመለሱም አሉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረብያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹም ያለ ጥሪት ገቡ። የመንደር ሰው የተመለሰውን ምን ይዘህ መጣህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም አፍሮ ዝም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ጥያቄ አላት፤ ያለ ደወል ሰዓቱን እንዴት ለየህ? ያለ ካህን ጾሙን እንዴት ጠበቅህ? ትለዋለች። መልስ ያለው ይናገር፤ ረድኡም፥ ተማሪውም፥ አረጋዊውም መነኵሴ ይስሙት። መልስ የሌለው፥ በመከራው ጾሙና ጸሎቱ የጠፋበትም ቢሆን፥ ከአጸዱ ውጭ አይቁም። የቡናውን ችግኝ አራት ዓመት የሚታገሥ ገበሬ ካለ፥ የተመለሰውን ልጅ ነፍስ የሚታገሥ ገዳም ሊታጣ አይገባም።

እግዚአብሔር አምላክ በባሕርና በየብስ ያሉትን ይጠብቅ፤ የታሰሩትን ያስፈታ፤ የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የሚጠብቁትን እናቶች ያጽናና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።