የብየዳ ማሽናችን ከመለኮሱ በፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን ነፍስ ይማር እንላለን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ይነግራችኋል። የእኛ ነገር በዕቃ ቤታችን ስለተቀመጠው የብየዳ ማሽን ነው። እኛ ዕድሜያችንን በብዕርና በመዝገብ የፈጀን እንጂ በያጅ አይደለንም። ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጃችን ስላለ፣ ያየነውንና ከባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውን መናገር ግዴታችን ሆነ።

እንደምታስታውሱት የድንኳኑ ብረትና የአግዳሚ ወንበሮቹ እግር በየለቅሶው እየተሰበረ ወጪው ስለበዛ፣ በራሳችን ልጆች ይሠራ ተብሎ ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን ተገዛ። ቁልፉን በጣት ሲጫኑት ሽቦው ራሱ ከጥቅሉ እየወጣ ይበይዳል። ጉዱም ይኸው ቀላልነቱ ነው፤ ማንም አንሥቶ የሚሠራበት ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጃችን ለቅሶ ደርሶብን ተቻኩሎ አነሣው። ግቢው ጭቃ፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ማራዘሚያው ገመድ እንደተጠቀለለ ነበር። ገመዱ ግሎ ሸተተ፤ ደግነቱ ቶሎ ነቀልነው። ማስክ ግን አላደረገም ነበርና ሌሊቱን ዐይኔ ውስጥ አሸዋ ተነሰነሰ እያለ ሲጮህ አደረ። ለሌላ ሰው ድንኳን ስንተክል ለእሱም ጥሩምባ ሊነፋ ምንም አልቀረው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ቁልፉን የሰጠነው እኛ ነን።

እንግዲህ አስቀድሞ የሚታየው ኤሌክትሪኩ ነው። 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም። ስፒናው መሬት የሚባለው መስመር ያለው፣ ሶኬቱም እንዲሁ ይሁን፤ በብዙዎቻችን ቤት ይህ መስመር ስለሌለ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይታይ። ማራዘሚያው ወፍራም ሆኖ እስከ መጨረሻው ይተርተር። በእርጥብ መሬት ላይ አይሠራም፣ አለቀ።

ቀጥሎ ሽቦው ነው፤ ይህ የሚደረገው ስፒናው ተነቅሎ ነው። ሽቦው 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚገፋው ሮለርም፣ የእጀታው ጫፍ ቀዳዳም ለ0.8 የተሠራ ይሁን። ጋዝ የማይፈልገው፣ ውስጡ ዱቄት ያለበት ሽቦ ብዙውን ጊዜ እጀታው በነጋቲቭ፣ ማሳው በፖዘቲቭ ሲታሰር ነው የሚሠራው፤ በጋዝ የሚሠራው ድፍን ሽቦ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ማሳው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ቀለምና ዝገቱ በተፋቀ ብረት ላይ ይነከስ። ሽቦው ሲሳብ እጀታው ወደ ፊትም ወደ እጅም አይዙር፤ ሽቦው እንደ መርፌ ይወጋል።

ድንኳን፣ ገመድ፣ ላምባ፣ ጭድ፣ ይኸ ሁሉ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ለ1 ሰዓት ቦታውን ይጠብቅ፤ ፍንጣሪ ተደብቆ ይቆያል።

የድንኳናችን ቱቦ ዚንክ የተቀባ ነው። ያ ልባስ ሳይፋቅ ከተበየደ ጭሱ ማታ ላይ ወባ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጣል። ወተት ከጠጡ ምንም አይልም ይባላል፤ ወተቱን ጠጡ፣ ጥሩ ነው፣ ጭሱን ግን አያስቀርም። ልባሱ ጭስ መከላከያ ተደርጎ ይፋቅ፣ ብየዳውም በደጅ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት በሚያርቅበት በኩል ተቁሞ ይሠራ።

እናቶቻችን ደግሞ ለወጥ ምድጃ በርሜል ይበየድልን ብላችሁን ነበር። ይቅርታ እናንተዬ፣ ነዳጅ የነበረበትን በርሜል አናስነካም። ባዶ ቢመስልም፣ ዓመት ቢቆይም በውስጡ የቀረው ትነት እሳት ሲያገኝ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ምድጃው ተሠርቶ ይገዛ፤ ለኮሚቴው እናቀርባለን።

ከዛሬ ጀምሮ ማስክ፣ የቆዳ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማና አጠገቡ የሚቆም ሁለተኛ ሰው ለሌለው ቁልፉን አንሰጥም። ለቀስተኛ ቆሞ ቢጠብቅም አንሰጥም፤ የተሰበረው ወንበር ይቀመጥ፣ ከጎረቤት እንዋሳለን። ማስኮቹ 2 ናቸው። የአንደኛው መስታወት ስለተሰነጠቀ፣ እስኪቀየር ድረስ ማንም እንዳያነሣው አስረን ሰቅለነዋል።