ውሻን በኃላፊነት ስለ መያዝና ዕውቀቱን ለሌላው ስለ ማካፈል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይና ስለ ኮንክሪት መስማት በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ ውሻ ለመናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከመካከላችን በመስክ ያገለገለ ሁሉ በሲሚንቶ መጋዘን ደጃፍ የታሰረ ውሻ ሳያይ አልቀረም። ውሻው ከዘበኛው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ንብረታችንን ይጠብቃል፤ ሆኖም በዕቃ ዝርዝራችን እንኳ ተመዝግቦ አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሳለሁ የካምፑ ውሻ ከሰንሰለቱ አምልጦ የዘበኛውን የልጅ ልጅ እግሩን ነከሰው። ልጁ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። በደረስሁ ጊዜ በቁስሉ ላይ የተደቆሰ ቅጠል ታስሮበት አገኘሁ። ቅጠሉን አንሥተን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ካጠብን በኋላ፥ ልጁን በመኪና ይዘን ወደ ከተማ ገሠገሥን። በመንገድም ሳለን አዛውንቱን «ጋሼ፥ ውሻው ተከትቦ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለውሻም ክትባት አለ እንዴ? ማን ነግሮኝ ልወቅ፥ ልጄ?» ሲሉ መለሱልኝ።

ልጁ ወዲያውኑ ክትባቱን ጀመረ። ውሻውንም አስረን 10 ቀን ብንጠባበቅ ሳይታመም ቀረ። የአዛውንቱ ቃል ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በቤቴ ያለውን ውሻ በየዓመቱ የማስከትበው እኔ፥ ከእሳቸው ጋር 8 ወር ስኖር ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ጥፋቱ የእሳቸው አለማወቅ ሳይሆን የእኔ ዝምታ ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈዋሽ የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከ100 ጊዜ 99ኙ በውሻ አማካይነት ነው። ሆኖም ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከከተበ ወዲህ፥ ይህን ሞት አስቀድሞ መከላከል ተችሏል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። እንግዲህ የራሴን ውሻ አስከትቤ የጎረቤቴን ብተው፥ ግማሹን ብቻ አጥሮ በሰላም እንደሚተኛ ሰው መሆኔ ነው። ዕውቀቱን ማካፈል የጥበቃው ሥራ አንድ ክፍል እንጂ ቸርነት አይደለም።

ታዲያ በምን መንገድ እናካፍል? ማዘዝ ብቻውን ማስተማር አይሆንም። ከአዛውንቱ ጋር ተቀምጠን ተጨዋወትን። እኔ ቡችላ በ3 ወሩ ተከትቦ በየዓመቱ ሊደገምለት እንደሚገባ፥ ንጹሕ ውሃ ሊጓደልበት እንደማይገባ፥ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው እንደሚችል ነገርኋቸው። እሳቸውም በበኩላቸው፥ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የዋለና ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበት ውሻ ሰውን ሁሉ ጠላት እንደሚያደርግ አስረዱኝ። ስለዚህም በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ወጥረን፥ ውሻው ወዲያና ወዲህ እንዲመላለስ ሰንሰለቱን በቀለበት አንጠለጠልንበት። ከፎርምወርክ በተረፈ ጣውላም ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ሠራንለት። ኋላም የእንስሳት ሐኪም ለክትባት በመጣ ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን ከነውሾቻቸው ጠርተው ያመጡት አዛውንቱ ነበሩ። እኔ ብጠራቸው ኖሮ ስንቶቹ ይመጡ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

በመጨረሻም ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በየሥራ ቦታችን ያለ ውሻ ከክትባት ካርዱ ጋር በዝርዝር ይመዝገብ፤ ተጠሪም ይኑረው። ሁለተኛ፥ ሥራው ሲፈጸም ማሽኑን ቆጥረን እንደምናስረክብ ሁሉ ውሻውንም ለሚያሳድረው ሰው እናስረክብ፤ በሜዳ ጥለነው አንሂድ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ለእኛ ሲጮኽ የከረመውን አስርበንና ሳናስከትብ ብንተወው፥ መዘዙ የሚተርፈው ለመንደሩ ልጆች ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የዓለም ቀን በአብዛኛው ዓመት በመስቀል ማግስት ይውላል። ያን ቀን እስክንጠብቅ ግን ከዚህ እንደተመለስን እያንዳንዳችን ከአንድ ዘበኛ ጋር እንነጋገር። ከእንግዲህ «ማን ነግሮኝ?» የሚለን ሰው አይኑር።