ለየትኛው ሩጫ?
ስለ ብሔራዊ ቡድን አመራረጥ የአንድ መሐንዲስ አስተያየት
(በሮቢት ከተማ ለሙያ ባልደረቦችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ከእኔ የምትጠብቁት ስለ ጉድጓድ፣ ስለ ፓምፕና ስለ መስኖ ቦይ የሚናገር ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ቢሆን ስለ ሩጫ፣ ይልቁንም ለአገር የሚሮጡ ሰዎች እንዴት መመረጥ እንዳለባቸው ጥቂት ሐሳብ ላቀርብ እወዳለሁ። ከሙያዬ የወጣሁ የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ መምረጥ ማለት በመሠረቱ መለካት ነውና፣ መለካት ደግሞ የእኛ የመሐንዲሶች የዕለት ተዕለት እንጀራ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ በቆላው አካባቢ ለሚደረግ የወጣቶች ውድድር ሦስት ሯጮችን እንድንመርጥ ከተመደብነው ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። መሐንዲስ ነው፣ መለካት ያውቃል ተብዬ የሰዓት መያዣው ለእኔ ተሰጠኝ። ማጣሪያውን ያደረግነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ በተደለደለው የጠጠር መንገድ ላይ ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን መረጥን፤ በ4 ሰኮንድ ተበልጦ አራተኛ የወጣውን ልጅ «በርታ» ብለን አሰናበትነው። ውድድሩ ግን የተደረገው በግንቦት ወር፣ በቀትር፣ በአሸዋማው መንገድ ላይ ሆነ። ከመረጥናቸው ሦስት ልጆች ሁለቱ አቋርጠው ወጡ። አራተኛው ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ማሽላ ሲጠብቅ የሚውለው፣ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ማታ ወደ ቤቴ መጣና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ እኔን የለኩኝ ለየትኛው ሩጫ ነው?»

በዚያች ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ይህ ንግግር ዘግይቶ የመጣ መልስ መሆኑ ነው።

ነገሩን በሙያችን ቋንቋ ልግለጸው። እናንተ ባልደረቦቼ እንደምታውቁት በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ የሞተሩን ጉልበት ሲናገር በዝምታ ሁለት ሁኔታዎችን ይዞ ነው፤ ይኸውም በአካባቢው ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ፣ ቦታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር እንዳያልፍ ነው። ቦታው ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ እንደ ራያ ቆላ ከ1,000 ሜትር በእጅጉ ከፍ ባለ፣ ይህም ሆኖ ሙቀቱ በሚያይል ቦታ ላይ የሚተከለው ሞተር ከሰሌዳው አንሶ እንደሚሠራ ታስቦ መመረጥ አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው በማውጫው ላይ ከሁሉ የበለጠውን ሞተር መርጦ በግንቦት ቀትር ሲቃጠልበት ያያል። ሰሌዳው አልዋሸም፤ መራጩ ግን ሰሌዳው የተጻፈበትን ሁኔታ አላነበበም። የሯጭ ሰዓትም እንዲሁ ሰሌዳ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ሜዳ እንሻገር። በኦሊምፒክ አንድ አገር ለአንድ የረዥም ርቀት ሩጫ ማሰለፍ የሚችለው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። ለብዙ አገሮች ችግሩ ሦስት ማግኘት ሲሆን ለእኛ ግን ችግሩ ሦስት ብቻ ማስቀረት ነው። ስለዚህ የአመራረጥ ጥበብ ከማንም ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚያስፈልግ ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደርጎ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ለቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን ተመረጡ። ማጣሪያው ግልጽ ነበር፤ የሮጠ ሁሉ በአንድ መንገድ ሮጧል፣ የቀደመም ተመርጧል። ሰበታ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋማ ከተማ ናት። ነሐሴ 2 ቀን በጃፓን በሳፖሮ ከተማ ማራቶኑ ሲደረግ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ገደማ፣ የአየሩ እርጥበት 80 ከመቶ ገደማ ነበር። ሦስቱም ሯጮቻችን አቋርጠው ወጡ። አንድ ሯጭ ሲያቋርጥ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከሕመም፣ ከጉዳት፣ ከዕለቱ ዕድል። ሦስቱም ሲያቋርጡ ግን ጥያቄው ከሯጮቹ አልፎ ወደ መመዘኛው ይመለሳል። ላብ በማይደርቅበት እርጥብ አየር ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይሳነዋል። በደጋ ብርድ የተያዘ ሰዓት ይህን ችሎታ አይለካም። እኔ በሮቢት መንገድ ላይ በንጋት የያዝሁት ሰዓትም አልለካም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። ለ2016ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሳይ ለማ፣ ዴሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ተመረጡ። ሲሳይ በቫሌንሲያ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰኮንድ ሮጦ ነበር፤ ዴሬሳም በሴቪያ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ27 ሰኮንድ። ሁለቱም ከተሞች ሜዳማና ለፈጣን ሰዓት የተመቹ ናቸው። የፓሪሱ መንገድ ግን በድምሩ 436 ሜትር ዳገት ያለበት፣ በኦሊምፒክ ታሪክ እጅግ ከባድ ከተባሉት አንዱ ነበር። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ተደርጎ ተመደበ። ታምራት ከጥቂት ወራት በፊት ድልድይና ዳገት የበዛበትን የኒው ዮርክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰኮንድ፣ በዚያ መንገድ ተሮጦ በማያውቅ ፍጥነት ያሸነፈ ሰው ነው። ውድድሩ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ለቀቀ፤ ታምራትም ገባ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ዴሬሳ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ ሠላሳ ዘጠነኛ ሆኑ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ የመንገዱን ጠባይ የሚመስለው መረጃ በእጃችን ነበር፤ ስሙም ኒው ዮርክ ይባላል። ሁለተኛው፣ ተጠባባቂው እንደ ዋና ሆኖ ተዘጋጅቶ ነበር። በፓምፕ ጣቢያ ሁለተኛው ፓምፕ በመጋዘን አቧራ ለብሶ ከተቀመጠ ተጠባባቂ አይባልም። ተጠባባቂ የሚባለው በየጊዜው እየተነሣ የሚሞከረው፣ ቧንቧውም የተገጠመለት ነው። እኔ አራተኛውን ልጅ «በርታ» ብዬ ሳሰናብተው ጫማውን ይዞ እንዲመጣ እንኳ አልነገርሁትም።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ማጣሪያው ውድድሩን እንዲመስል ካደረግን ሁሉም ነገር ተፈጸመ ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። አይደለም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ አብሮት የሮጠው አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ። በ1957 ዓ.ም. ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ግን ትርፍ አንጀቱን ከታከመ 40 ቀን ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። በዚያ ሰሞን ማጣሪያ ሩጥ ቢባል ኖሮ መቼም አይመረጥም። እርሱ ግን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ድጋሚ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ታምሞ ተሰለፈና ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ወጣ። ያን ጊዜ አገሪቱን ያዳናት ከአጠገቡ ማሞ ወልዴ መኖሩ ነው፤ ማሞ ወርቁን ወሰደ፣ መርዓዊ ገብሩም ስድስተኛ ሆነ። እነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሉት ይህ ነው፦ ለታላቅ ሰው ሲባል ከመመዘኛው ውጭ ፍርድ መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ፍርድ ቢስት አገር የምትይዘው ሁለተኛ ምሰሶ ሊኖራት ይገባል።

ከዚህም ሌላ፣ መምረጥ ማለት ሰዎችን መለየት ብቻ ሳይሆን ተራን መስጠትም ነው። በሞስኮ በ1972 ዓ.ም. በንጉሤ ሮባ አሠልጣኝነት የተሰለፉት ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በ10,000 ሜትር እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲያናውጡት ተፎካካሪዎቻቸው አሳባቸው ተበተነ፤ በመጨረሻው ዙር ምሩጽ ተወረወረ። ምሩጽ አንደኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጡ። የቶሎሳን ሥራ በሜዳሊያ ብቻ የሚለካ ሰው የዚያን ቀን ሩጫ አላየም።

ስለ ተራ ካነሣን፣ በአገራችን ብዙም የማይታወቀው ክሪኬት የተባለው ጨዋታ በዚህ ረገድ ያስተምረናል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ታላቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይወስዳል፤ አሥራ አንዱ ተጫዋቾች ኳሱን ለመምታት የሚገቡትም በተራ ነው። መጀመሪያ የሚገቡት ገና ጠንካራና አዲስ የሆነውን ኳስ የሚቋቋሙ ታጋሾች ናቸው፤ ብርቱ መቺዎች ቀጥለው ይገባሉ፤ በመወርወር እንጂ በመምታት የማይታወቁት በስተመጨረሻ ይሆናሉ። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን የዚህ ጨዋታ ታላቅ መቺ ሲሆን የዘወትር ተራው ሦስተኛ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር ወር 1937 በሜልቦርን ዝናብ ሜዳውን አበላሸው። ብራድማን የቡድኑ አለቃ ነበርና ተራውን ገለበጠው፤ ደካሞቹን መቺዎች በክፉው ሜዳ ላይ አስቀድሞ ላከ፣ እርሱ ራሱ ሜዳው እስኪደርቅ ቆይቶ ሰባተኛ ሆኖ ገባ። 270 ነጥብ አስቆጠረ፤ አገሩም አሸነፈች። ያ ሰው የሰዎቹን ችሎታ አልለወጠም። የለወጠው እያንዳንዱ የሚገጥመውን ሁኔታ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከላይ ከተናገርሁት ተነሥቼ ለብሔራዊ ቡድንም ሆነ ለቀበሌ ቡድን የሚሠሩ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ከሯጮቹ በፊት ሩጫው ይጠና። ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ከፍታው፣ ዳገቱና የሚነሣበት ሰዓት ተጽፎ በመራጮቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ መመዘኛው ከማጣሪያው በፊት ለሁሉም ይነገር። ከማጣሪያው በኋላ የሚወጣ መመዘኛ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ ከአድልዎ አይለይም። ከመመዘኛው ውጭ ፍርድ መስጠት ያስፈለገ እንደሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ የጻፈውም ይፈርምበት።

ሦስተኛ፣ ተጠባባቂው እንደ ተመረጠ ሰው ይዘጋጅ፤ ልምምዱም ስንቁም አይለይ።

አራተኛ፣ ላልተመረጠው ሰው ምክንያቱ ፊት ለፊት ይነገረው። ይህ ቸርነት አይደለም። ያልተመረጠው ሰው የሚያነሣው ጥያቄ መመዘኛው የተሳሳተበትን ቦታ ከማንም አስቀድሞ ያሳየናል። የእኔን ስሕተት ያገኘው ሰዓት ያዡ መሐንዲስ ሳይሆን ማሽላ ጠባቂው ልጅ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያውን በቀትር፣ በአሸዋው ላይ አደረግን፤ መመዘኛውም ከአንድ ወር በፊት በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ውጤቱ ካለፈው እጅግ የተሻለ ነበር። ያ ልጅ ግን በማጣሪያው አልነበረም፤ እንደ ብዙ የራያ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቶ ነበር። መመዘኛን ማረም ይቻላል፤ በተሳሳተው መመዘኛ የቀረውን ሰው መልሶ ማግኘት ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ፓምፕም ስንመርጥ፣ የሥራ ባልደረባም ስንቀጥር፣ ለአገር የሚሮጥ ልጅም ስንለይ፣ የሰዓት መያዣውን ከመጫናችን በፊት የልጁን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የምንለካው ለየትኛው ሩጫ ነው?