ከሊስፕ ፕሮግራም ምን ይራገፍ፣ ምን ይቅር?



ጆን ማካርቲ በ1958 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊስፕ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ይኸውም ፕሮግራሙ፣ ተርጓሚውና የስሕተት ማረሚያው በአንድ ቤት አብረው መኖራቸው ነው። ለጸሐፊው ጸጋ የሆነው ይህ ጠባይ ለተጠቃሚው ሸክም ይሆናል። ኤስቢሲኤል በተባለው ሥርዓት የተጻፈ የአሥር መስመር ፕሮግራም እንኳ ራሱን ችሎ ሲወጣ ኮምፓይለሩን ጭምር ስለሚሸከም፣ ካልታመቀ በቀር በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ይይዛል።

በኪቶ ፉርዲሳ በሚገኘው የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምሕንድስና የሚማር ሰው ሊስፕን ቢያገኘው፣ የሚያገኘው በአውቶካድ ውስጥ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው አውቶሊስፕ መሆኑ አይቀርም። እዚያ ችግሩ አይታይም። የጥቂት ኪሎባይት ፋይል በፍላሽ ተይዞ አጋሮ ቢደርስ፣ አውቶካድ ባለበት ቢሮ ተርጓሚው ቀድሞ ይጠብቀዋል። ሸክሙ አልቀረም፤ ሌላው ተሸከመው እንጂ።

አውቶካድ ለሌለው የቡና መጋዘን የሚሠራ ፕሮግራም ግን ሁሉን ይዞ መሄድ አለበት። ሊስፕዎርክስ ለዚህ ከ0 እስከ 5 የሚደርሱ የማቅለያ ደረጃዎች አሉት። ዋናው ዘዴ ዛፍ ማራገፍ ይባላል፤ ከመነሻው ተግባር ተነሥቶ ማን ማንን እንደሚጠራ ይከተልና ያልተጠራውን ይጥላል።

አደጋው ስም በሥራ ጊዜ ሲፈጠር ነው። ፕሮግራሙ የቡናውን ዓይነት ከጸሐፊው ተቀብሎ፣ ከዚያው ጽሑፍ የተግባር ስም አበጅቶ ይጠራል እንበል። አራጋፊው «ጀንፈል» የሚባለውን ተግባር የጠራ ስላላየ ይጥለዋል። በሠሪው ኮምፒዩተር ሁሉ ደኅና ነበር፤ በመጋዘኑ ግን የመጀመሪያው ጀንፈል በተመዘነ ዕለት ሥራው ይቆማል። በጅማ አገር ደግሞ ጀንፈል ሳይመጣ የሚውልበት የገበያ ወቅት የለም! ማረሚያውም አብሮ ተራግፏልና ምክንያቱን የሚናገር አይገኝም።

መድኃኒቱ ተግባሮቹን በግልጽ ሠንጠረዥ ማስፈር፣ ወይም እንዳይጣሉ በስም ማዘዝ ነው። ፍተሻውም በተራገፈው ቅጂ ላይ እንጂ በሙሉው ላይ መደረግ የለበትም። ደረጃ 5 ሁልጊዜ ያስመሰግናል ማለት ስሕተት ነው፤ የዛሬ ዲስክ ጥቂት ሜጋባይት አይከብደውም። ጠጋኙ ከጅማ መኪና ተሳፍሮ በሚሄድበት ስፍራ፣ ስሕተት የደረሰበትን የጥሪ ሰንሰለት ወደ ፋይል የሚጽፈው ክፍል ከመጨረሻው ማቅለያ ሊተርፍ ይገባዋል።