መስቀለኛ ቃላትን እንዴት እንፍታ?

(አጭር የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በቦንጋና በካፋ ዞን ሁሉ የምታዳምጡን! ዛሬ መስቀለኛ ቃላት እንፈታለን። ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

ወደ ጎን፦ የካፋ ዞን ዋና ከተማ፣ ሦስት ፊደል። ቦንጋ!
ወደ ታች፦ ቆጮ የሚገኝበት ተክል፣ አራት ፊደል። እንሰት!

ሁለቱ በ«ን» ላይ ተገናኙ። በእኛ ፊደል አንዱ ሳጥን ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል። መጋጠሚያው ግን ይጠብቃል፤ «ነ» ባለበት «ን» አይገባም። ስለዚህ ከአጫጭሮቹና ከምታውቋቸው ጀምሩ፤ የተሞላው ሳጥን ለቀጣዩ ቃል ፍንጭ ይሰጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንግዳ ቃል ሲገጥማችሁስ? መጀመሪያ ቅጥያውን አውጡ፤ «በመቅደሶች» ካለ «መቅደስ» ይቀራል። በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ ሥሩን «ቀደሰ»ን ትፈልጋላችሁ። ይህን ሥራ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። የኪዳነ ወልድ ተራ አበገደ ስለሆነ በሀሁ ቅደም ተከተል ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። ቃሉ ከታጣም በሞክሼ ፊደሎቹ ሞክሩ፦ በ«ሰ» ያጣችሁትን በ«ሠ»፣ በ«ሀ» ያጣችሁትን በ«ሐ» ወይም በ«ኀ»።

ወላጆችና መምህራን፣ ለልጆች መልሱን ከመንገር ይልቅ መዝገበ ቃላቱን አቀብሏቸው። ፈልጎ ያገኘውን ቃል ልጅ አይረሳውም።

(መዝጊያ ሙዚቃ)