መድኃኒት ስለሚባለው መርዝ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



በ1977 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በቦፓል ከተማ፣ ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ ጋዝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። አደጋ እንዲከላከሉ የተሠሩት መሣሪያዎች በዚያ ሌሊት አይሠሩም ነበር።

«ወረታ እንዲህ ያለ ፋብሪካ የለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ፋብሪካው ባይኖርም መርዙ አለ፤ በፎገራ ሜዳ በሩዙና በሽንኩርቱ ላይ ይረጫል። ገበሬው «መድኃኒት» ይለዋል። ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ ያለ ጽሑፍ ሲሸጥ አይተናል፤ በባዶው ዕቃም ውኃ ሲቀዳበት። ከማሳው የታጠበው ወደ ርብና ወደ ጉማራ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል።

ሕግ አልጠፋም፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ግን በራሱ እግር ገበያ አይወጣም፤ የሚያስፈጽመው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በገበያ ቀን ይገኝ፤ ሻጩ ሠልጥኖ ፈቃድ ይያዝ፤ ገልብጦ መሸጥ ይቅር፤ ባዶውን ዕቃ የሸጠው ይሰብስብ እንላለን።

እኛም ለዕረፍት አገራችን ስንገባ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ለወላጆቻችን እናንብብላቸው። መርዙንም በስሙ፣ መርዝ ብለን እንጥራው።