አስታችንን ከእሳት ስለ መጠበቅ
(በደባርቅ፣ በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መዋጮም ስለ ድንኳንም አይደለም የምንነጋገረው፤ ስለ እሳት ነው። ዝናብ ካየን ሰነበትን። ጓሳው ገለባ ሆኗል፤ ነፋሱም ከረፋዱ ጀምሮ ይነሣል።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ያየነውን አንረሳውም። ጠፋ ሲባል እንደገና እየተነሣ ስንቱን ሰው ገደል ለገደል አንከራተተው! ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ አደረሰን። ዋልያ እንደሆነ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም።

«አስታ እርጥብ ነው፣ እሳት አይዘውም» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። አስታ ለምለሙም ይነዳል። ሥሩ ውስጥ የገባ እሳት ደግሞ ጭስ ሳያሳይ ይሰነብትና ነፋስ ሲያገኝ ብቅ ይላል።

ሌሊት ለብርድ የሚያነድ እረኛም፣ በጭስ ማር የሚቆርጥም፣ እንጨት ለቀማ ወጥቶ ቡና የሚያፈላም፣ ሁሉም «አጥፍቼ ነው የሄድኩት» ይላል። እንዴት አጠፋህ ሲባል፣ አመድ አልብሼ! እናቶቻችን ይፍረዱን። ማታ ማታ ረመጡን አመድ የምናለብሰው እሳቱ እንዲያድርልን አይደል እንዴ? አመድ ማልበስ ማሳደር ነው። ውኃ ካለ ውኃ አፍስሶ ማገላበጥ፣ ውኃ ከሌለ ከአፈር ጋር እያማሰሉ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ሣርና ሥር ያለበት አፈር ግን አይሆንም፣ ራሱ ይነዳል። ከመሄዳችን በፊት በእጃችን ጀርባ ቀረብ አድርገን ሙቀቱን እንይ።

ለማጥፋት ስንወጣም እሳት ሽቅብ እንደሚሮጥ እንወቅ። ከእሳቱ በላይ ዳገቱ ላይ ማንም አይቁም፣ በተለይ ወጣቶች!

አሁን ግን ወደሚያሳፍረን ነገር እንምጣ። እሳት ያመለጠው ልጅ ለምን ይደበቃል? እኛን ፈርቶ ነዋ። ገና ጭሱ ሲታይ «ማነው የለኮሰው?» ብለን እንጮሃለን እንጂ አካፋ አናነሣም። ያን ጊዜ በሦስት ሰው የሚጠፋው እሳት ለሦስት መቶ ሰው ይተርፋል። ሕግ የራሱን ይጠይቅ፤ በዚህ ሰፈር ግን እሳት አመለጠኝ ብሎ የመጣን ልጅ ማንም አይምታው፣ አይሳደብ። መጀመሪያ እሳቱ፣ ጥያቄው በኋላ። በዚህ ማኅበሩ ተስማምቷል፤ ወላጆች ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ቅዳሜ ጧት ከፓርኩ ስካውቶች ጋር በመንገዱ ዳር የደረቀውን ሣር እናነሣለን። ማጭድና መቆፈሪያ ያለው ይዞ ይምጣ። አሮጌ ጆንያም አትጣሉ፣ ረጥቦ እሳት መምቻ ይሆናል። ውኃ የምትይዙ ልጆች ጀሪካኑን ከማታ ጀምራችሁ ሙሉ፤ ጧት ቧንቧው ሰልፍ ነው።